የገበያው ሒሳብና የሰሌዳው ሒሳብ



በወለጋዋ ነቀምቴ በገበያ ቀን ከእናቷ አጠገብ ሎሚ ዘርግታ የምትሸጥ የአሥር ዓመት ልጅ ማየት ብርቅ አይደለም። ሎሚው ሦስቱ በ10 ብር ነው። ዘጠኝ አንሥቶ የመቶ ብር ኖት ለሚዘረጋ ገዢ 70 ብር ለመመለስ ወረቀትም እርሳስም አያስፈልጋትም። ገዢው ሊያታልላት ቢሞክር ወዲያው ትነቃበታለች። ይህችው ልጅ በማግስቱ ክፍል ገብታ ያንኑ ስሌት በቁጥርና በምልክት ተጽፎ ስታየው ግን አንገቷን ትደፋለች። መምህሯ «ሒሳብ ይከብዳታል» ይላል፤ እናቷም ታምነዋለች።

ነገሩ የወለጋ ብቻ አይደለም። ቴሬዚኛ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ በጎዳና ላይ የሚነግዱ፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 የሆነ አምስት ልጆችን ፈትነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1985 አሳተሙ። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ገዢ ቀርበው ዕቃ እየገዙ ጠየቋቸው፤ ልጆቹ ከጥያቄዎቹ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ቆየት ብለው ያንኑ ስሌት ያለ ዕቃ፣ በወረቀትና በእርሳስ ሰጧቸው፤ ትክክል የሆነው 37 በመቶው ብቻ ነበር። ከመካከላቸው ኮኮናት የሚሸጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። አንዱ 35 ክሩዜሮ የሆነ አራት ኮኮናት ስንት እንደሚያወጣ ሲጠየቅ፣ የሦስቱን ዋጋ 105ን በቃሉ ያውቃልና በዚያ ላይ 30 ጨመረ፣ ቀሪዋን 5 አከለና 140 አለ። ወረቀት ላይ 35 ሲባዛ በ4 ተብሎ ሲቀርብለት ግን ክፍል ውስጥ የተማረውን ዘዴ ለማስታወስ ታግሎ 200 ብሎ ጻፈ።

ከ40 ዓመት በኋላ የመጣው ማስረጃ ይበልጥ ሰፊ ነው። የኖቤል ተሸላሚዎቹ አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከተሳተፉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2025 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በሕንድ በኮልካታና በዴልሂ ገበያዎች የሚሠሩ 1,436 ልጆችን መረመረ። በመሸጫቸው ቆመው ውስብስብ ሒሳብ በቃል የሚሠሩት እነዚህ ልጆች፣ ከዚያ የቀለለውን የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ መመለስ ተሳናቸው። ገበያ ላይ ሠርተው የማያውቁ 471 ተማሪዎችም ተፈትነዋል። እነዚህ በሰሌዳው ሒሳብ የተሻሉ ነበሩ፤ ከሚሠሩት ልጆች ከሲሶ በላይ የፈቱትን አንድ የገበያ ጥያቄ በትክክል የመለሱት ግን ከመቶው አንዱ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ሁለት ሒሳብ በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ፣ ሳይተዋወቁ ይኖራሉ። ቆርኪ፣ ጠጠር፣ የቡና ፍሬና ሲባጎ ወደ ክፍል ይግቡ የሚባለው ሁለቱን ለማስተዋወቅ ነው። ርካሽ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይ ባለፉት ዓመታት ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን በዘጋባቸውና ብዙ ቤተሰቦችን ባፈናቀለባቸው የወለጋ ዞኖች። ዋናው ምክንያት ግን ርካሽነታቸው አይደለም። ልጁ አስቀድሞ የሚያውቃቸው፣ እጁ የለመዳቸው ነገሮች መሆናቸው ነው።

ጉዳዩ የሚያንገበግብበት ጊዜ ላይ መሆናችንን ለማወቅ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውጤት ማየት ይበቃል። በ2014 ዓ.ም ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ። በ2017 ዓ.ም ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ፈተናው ሒሳብን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ በ12ኛ ክፍል የሚታየው ክፍተት የተከፈተውም 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው 2ኛና 3ኛ ክፍል ላይ፣ ልጁ «ከጎረቤት ተበደር» የሚለውን ትእዛዝ ምክንያቱን ሳያውቅ መፈጸም ሲጀምር ነው።

ይህን «ብድር» በቅርብ ማየት ተገቢ ነው። 302 ሲቀነስ 7። ሁለት ከሰባት ያንሳልና ልጁ ከጎረቤት ሊበደር ይሄዳል፤ ጎረቤቱ ግን ዜሮ ነው፣ የሚያበድረው የለውም። መምህሩ «ዜሮው ዘጠኝ ይሆናል» ይላል። ለምን ዘጠኝ? አብዛኞቹ ልጆች አይጠይቁም፤ ይሸመድዱታል፤ ከሳምንት በኋላ ይረሱታል።

አሁን ይኸው ጥያቄ በወለጋ ዕቃ ይቀመጥ። አሥር የቡና ፍሬ በአንድ ቆርኪ ይለወጣል፤ አሥር ቆርኪ በአንድ ባዶ የክብሪት ቀፎ። 302 ማለት በዴስኩ ላይ ሦስት ቀፎ፣ ዜሮ ቆርኪ፣ ሁለት ፍሬ ነው። ጓደኛው ሰባት ፍሬ ክፈለኝ ይለዋል። ልጁ ሁለት ፍሬ ብቻ አለው፤ የሚፈታው ቆርኪም የለውም። የግድ አንድ ቀፎ ሰጥቶ አሥር ቆርኪ ይቀበላል፤ ከአሥሩ አንዱን ሰጥቶ አሥር ፍሬ ይቀበላል። በእጁ ሁለት ቀፎ፣ ዘጠኝ ቆርኪ፣ አሥራ ሁለት ፍሬ አለ። ዘጠኙ የመጣው ከዚህ ነው፤ አሥር ነበሩ፣ አንዱ ተፈታ። ሰባት ፍሬ ይከፍላል፤ 295 ይቀረዋል። ልጁ ይህን ሦስት አራት ጊዜ በእጁ ካደረገው በኋላ «ዜሮው ዘጠኝ ይሆናል» የሚለውን ማንም ሊነግረው አይገባም።

ጨዋታ የሚሆነው ደግሞ እንዲህ ነው። ወለጋ የቡና አገር ነው፤ የዓለም የቡና ነጋዴዎች «ለቀምት» እያሉ የሚጠሩት ቡና ስሙን ያገኘው ከነቀምቴ ነው። የተፈለፈለ የቡና ፍሬ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎኑ ጎባጣ ነው። ሁለት ልጆች አሥር ፍሬ በሲኒ ይዘው አራግፈው ይበትናሉ፤ ጠፍጣፋው ወደ ላይ የሆነውን ቆጥረው ያንን ያህል ፍሬ ከጋራው ክምር ይወስዳሉ። አሥር ሲሞላ ቆርኪ፣ አሥር ቆርኪ ሲሞላ ቀፎ። ቀድሞ መቶ የደረሰ ያሸንፋል። ከዚያ ጨዋታው ይገለበጣል፤ ከመቶ ተነሥቶ ቀድሞ ባዶ የቀረ ያሸንፋል፤ ያን ጊዜ መፍታቱ ግዴታ ነው። ለገበያ የማይሆን፣ ከለቀማ የተጣለ ፍሬ ለዚህ በቂ ነው።

የዚህች ፍሬ ጥቅም እዚህ አያበቃም። ለ1ኛ ክፍል ልጅ ያው ብትን አሥርን የሚሠሩ ጥንድ ቁጥሮችን ያስተምረዋል፤ ስድስቱ ጠፍጣፋ ከሆኑ አራቱ ጎባጣ ናቸው፣ ሦስቱ ከሆኑ ሰባቱ። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ዕድልን የመመርመሪያ መሣሪያ ትሆናለች። ሳንቲም ሲወረወር አንበሳው የመውጣት ዕድሉ እኩሌታ እንደሆነ መጽሐፉ ይናገራል፤ ስለ ቡና ፍሬ ግን የሚናገር መጽሐፍ የለም። ጠፍጣፋው ጎን ወደ ላይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? መምህሩም መልሱን አስቀድሞ አያውቅም፤ ለጥያቄው ክብር የሚሰጠው ይኸው ነው። 50 ልጆች ባሉበት ክፍል ሃያ አምስት ጥንዶች እያንዳንዳቸው ሃያ ጊዜ ቢበትኑ 5,000 ፍሬ ተጥሎ ተመዘገበ ማለት ነው። የአንዱ ጥንድ ድርሻ ከሌላው ይለያያል፤ የክፍሉ ሁሉ ሲደመር ግን አንድ ቦታ ይረጋል። ስዊዘርላንዳዊው ያኮብ በርኑሊ ይህን የመርጋት ሕግ ያረጋገጠበት መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1713 ነበር። የነቀምቴ ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ በዐይኑ ሊያየው ይችላል፤ በደብተሩም መቁጠሪያ ሰንጠረዥ፣ ግራፍና አማካይ ይዞ ይወጣል።

ቡና በማይበቅልበት ቆላ ሌላ ዕቃ አለ። ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ኡኬና በአካባቢዋ በቆሎ በየቤቱ አለ። አንድ የበቆሎ ራስ ዙሪያውን ስንት ረድፍ ፍሬ እንዳለው ልጆች ይቁጠሩ። አንዱ 12 ይላል፣ ሌላው 14፣ ሌላው 16። ጎዶሎ ቁጥር ያገኘ ልጅ ደግሞ ይቁጠር፤ ስቷል ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም የበቆሎ አበቦች በራሱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚወጡ ረድፉ ከጥቂት በስተቀር ተጋማሽ ቁጥር ነው። ከዚያ አንዱን ረድፍ ቆጥሮ ማባዛት ይመጣል፤ 14 ረድፍ በ36 ፍሬ 504። ተፈልፍሎ ሲቆጠር ስንት ሆነ? ልዩነቱስ ከየት መጣ? ጫፉ ላይ ረድፉ ይጠባል፣ አንዳንድ ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል። ግምት ከትክክለኛው ቁጥር ምን ያህል እንደሚርቅና ለምን እንደሚርቅ ማወቅ ከማባዛቱ ያላነሰ ሒሳብ ነው። አባቱ እርሻው ላይ ቆሞ ምርቱን ሲገምት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ከአገር ቤት ተነሥቶ ማስተማር በወለጋ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1894 ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጀው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ብዙውን ይዘቱን ያገኘው አስቴር ከሰበሰበችው የሕዝብ ተረት፣ ዘፈንና ምሳሌያዊ አነጋገር ነበር። ኦኔሲሞስ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ መጥቶ በነቀምቴ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ልጆች ቤታቸው የሰሙትን ነው በፊደል ያገኙት። ለንባብ የተደረገው ለሒሳብ የማይደረግበት ምክንያት አይታይም።

ለሒሳብም ቢሆን ቅርስ አለ። ገበጣ፣ በኦሮሞ ዘንድ ሰዴቃ የሚባለው፣ ለመጫወት የሚፈልገው በመሬት ላይ የተቆፈሩ ጥቂት ጉድጓዶችና እፍኝ ጠጠር ብቻ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ባሳተመው ጥናት፣ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚጫወቱትን የገበጣ ዓይነቶች አገር ባገር ዘርዝሯል። የረድፉ ብዛት፣ የጉድጓዱ ቁጥር፣ የአጨዋወቱ ደንብ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለክፍል የሚቀለው ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ያለው ነው፤ 48 ጠጠር በ12 ጉድጓድ።

ልጆች እንዲሁ ቢጫወቱት መቁጠር ይለማመዳሉ። መምህሩ አንድ ጥያቄ ሲጨምርበት ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ተጫዋች 17 ጠጠር አንሥቶ ከቀጣዩ ጉድጓድ ጀምሮ፣ የተነሣበትንም ሳይዘል፣ አንድ አንድ ቢዘራ የመጨረሻዋ የት ትወድቃለች? ልጁ መጀመሪያ በእጁ ይዘራል። ቀጥሎ 29 ይባላል፤ እንደገና ይዘራል፤ እዚያው ጉድጓድ ላይ አረፈች። 41? አሁን መዝራት ትቶ ያስባል፤ አንድ ዙር 12 ነው፣ 41 ሦስት ዙር ሄዶ 5 ይቀረዋል። ቀሪ ያለው ማካፈል የሚባለው ይህ ነው። በደብተር 41 ÷ 12 = 3፣ ቀሪ 5 ተብሎ ሲጻፍ ልጁ እያንዳንዷ ቁጥር የቱ ጠጠር፣ የቱ ዙር እንደሆነች ያውቃል።

ከዚህ ወደ ገዳ አንድ እርምጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል፤ አምስቱ የገዳ ወገኖች ሲዳረሱ 40 ዓመት ይሞላል። በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ያለውን የገዳ ጉባኤ ቦታ ኦዳ ቡሉቅን የሚያውቅ የ6ኛ ክፍል ተማሪ አምስት ቆርኪ በክብ ደርድሮ ይጠየቅ፦ አንዱ ወገን ዛሬ ሥልጣን ቢረከብ፣ ከ100 ዓመት በኋላ ተራው የማን ነው? 100ን ለ40 ሲያካፍል ሁለት ሙሉ ዙር ይሄዳል፤ 20 ይቀራል። ሃያው ዓመት ሁለት ወገኖችን ጨርሶ በሦስተኛው ዘመን መካከል፣ አራተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ይውላል። አያቱ በቃል የሚያውቁት አቆጣጠርና መጽሐፉ የሚያስተምረው ማካፈል አንድ ሆነው ይገናኛሉ።

ሁለት ረድፍ ጉድጓድ ማባዛትንም ይሠራል። በውጭ አገር የሚታተሙ አንዳንድ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያውያን ማባዣ» የሚሉት ዘዴ አለ፤ ማጠፍና መግመስ ብቻ ነው የሚፈልገው። 13 ጣሳ በ24 ብር ስንት ነው? በግራ ረድፍ 13 ይጀመርና ይገመሳል፣ የሚተርፈው ግማሽ ይጣላል፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ ረድፍ 24 ይታጠፋል፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ተጋማሽ ቁጥር የሆነው 6 ነውና አጠገቡ ያለው 48 ይወጣል። የቀሩት 24፣ 96ና 192 ተደምረው 312 ይሆናሉ። ለምን ይሠራል? ምክንያቱም 13 ማለት 8፣ 4ና 1 ነው። ጥንታውያን ግብፃውያንም በማጠፍ ያባዙ እንደነበር ጸሐፊው አሕምስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ የጻፈው ፓፒረስ ያሳያል፤ የዛሬ ኮምፒውተርም ቁጥርን የሚይዘው በሁለት እጥፍ ከፋፍሎ ነው። የማባዣ ሰንጠረዥ ያልያዘለት ልጅ በዚህ መንገድ ሲያባዛ የሚሰማው ደስታ ብቻውን ለትምህርቱ በቂ ምክንያት ነው።

ከዓለም ታላላቅ የሒሳብ መምህራን አንዱ ኢትዮጵያን ያውቃት ነበር። በአሌክሳንድርያ ተወልዶ ያደገው ካሌብ ጋተኞ እ.ኤ.አ. በ1957 በተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የአማርኛ ንባብን የማስተማሪያ ዘዴ ላይ ሠርቷል። ይህ ሰው ቤልጅጋዊው መምህር ዦርዥ ኩይዜኔር ከ1 እስከ 10 ሳንቲሜትር እየቆረጠ ቀለም የቀባቸውን የእንጨት በትሮች ለዓለም ያስተዋወቀ ነው። በትሮቹን በቀርከሃ ወይም በማሽላ አገዳ መሥራት ይቻላል። የራሱ የጋተኞ ፈጠራ ደግሞ ከዚያም ይቀላል፤ ጣውላ ላይ በእኩል ርቀት ምስማር መትቶ በላስቲክ ቅርጽ መሥራት። 25 ምስማር፣ አንድ ቁራጭ ጣውላ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ በቀጭኑ የተቆረጠ ላስቲክ። ዙሪያው 10 የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩ ሲባል አንዱ ልጅ 1 በ4 ይሠራል፣ ስፋቱ 4፤ ሌላው 2 በ3 ይሠራል፣ ስፋቱ 6። ዙሪያው እኩል የሆነ መሬት ሁሉ ስፋቱ እኩል አለመሆኑን የገበሬ ልጅ እዚህ ጋ ሲያይ ለቤቱም የሚናገረው ነገር አለው።

ገመድም ይበቃል። የጣሳ አፍ፣ የሰፌድ፣ የምጣድ ዙሪያ በሲባጎ ተለክቶ ሲባጎው በመካከሉ ከዳር እስከ ዳር ባለው ርቀት ሲለካ፣ ትንሹም ትልቁም ሦስት ጊዜ ሄዶ ጥቂት ይተርፈዋል። 3.14 የሚባለው ቁጥር ከዚህ ይወለዳል።

እዚህ ላይ ግን ጨዋታ ወዳድ የሆነ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ሞይራ ዲሎን፣ ኤልዛቤት ስፔልክና ባልደረቦቻቸው በዴልሂ ያደረጉት ጥናት 1,540 የቅድመ መደበኛ ልጆችን ያካተተ ነበር። ብዛትንና ቅርጽን የሚያስተያዩ ጨዋታዎችን ለአራት ወር የተጫወቱት ልጆች በዚያ ችሎታ ከሌሎቹ በለጡ፤ ብልጫውም ከዓመት በላይ ቆየ። አንደኛ ክፍል ገብተው የተለመደውን የሒሳብ ትምህርት ሲጀምሩ ግን ከሌሎቹ የተሻሉ አልሆኑም። ጨዋታው ልጆቹን አሳድጓል፤ ወደ ቁጥሩና ወደ ምልክቱ ግን አላሻገራቸውም።

ይህ ውጤት ከሬሲፌውና ከኮልካታው ጋር አንድ ነገር ይናገራል፤ እጅ ያወቀው ነገር በራሱ ወደ ደብተር አይሻገርም። አሻጋሪው መምህሩ ነው። ስለዚህ ቀፎው በተፈታ ቁጥር ልጁ እዚያው በዚያው መጻፍ አለበት፤ ፍሬው በተበተነ ቁጥር መመዝገብ አለበት፤ ጨዋታው ሲያበቃ የመጨረሻው አሥር ደቂቃ ያለ ዕቃ፣ በቁጥር ብቻ መሠራት አለበት። ያኛው አሥር ደቂቃ ከቀረ ክፍሉ ተዝናንቷል፤ ሒሳብ ተምሯል ለማለት ግን ያስቸግራል። በብዙ ማሠልጠኛዎች የሚሰጠው ምክር «በተጨባጭ ነገር አስተምሩ» የሚል ብቻ ሆኖ መቅረቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

የጨዋታው አሠራርም ለውጥ ያመጣል። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ1 እስከ 10 በተከታታይ በተጻፈበት ቀላል ሰሌዳ ላይ በድምሩ አንድ ሰዓት ያህል የተጫወቱ የድሃ ቤተሰብ ሕፃናት የቁጥር ዕውቀታቸው ከፍ ማለቱን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳይተዋል፤ በተመሳሳይ ሰሌዳ በቀለም ብቻ የተጫወቱት ግን አልጨመሩም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቀጥ ያለው ሰሌዳ ከክቡ እንደሚበልጥ አሳዩ። ለሰኞ ማክሰኞ በግቢው መሬት ላይ መስመር የሚያሰምር የ1ኛ ክፍል መምህር ከዚህ የሚወስደው ግልጽ ነው፤ መስመሩ ቀጥ ይበል፣ በየሳጥኑ ቁጥር ይጻፍ፣ ልጁ እየዘለለ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጥራ።

መምህራን የሚያነሡት እውነተኛ ችግር የተማሪ ብዛት ነው። የመጀመሪያ ደረጃ መለኪያው በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ከዚያ በላይ የታጨቀበትም አለ። ለ60 ልጅ ዕቃ አድሎ፣ ጫጫታ ችሎ፣ ሰብስቦ በ40 ደቂቃ መጨረስ ቀላል ሥራ አይደለም። የሚያግዙ ነገሮች አሉ፦ ለየዴስኩ አንድ ከረጢት፣ ቆጥሮ የሚሰጥና የሚረከብ አንድ ልጅ፣ የቆርኪው ስለት እንዳይቆርጥ ጠርዙን በመዶሻ መጠፍጠፍ፣ ለትንንሾቹ ወደ አፍ የማይገባ ተለቅ ያለ ዕቃ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለከበደው ርዕስ ብቻ መጠቀም ነው። በየቀኑ ጨዋታ አያስፈልግም። ብድር ያለው ቅነሳ፣ ክፍልፋይ፣ ቀሪ ያለው ማካፈል፣ ስፋትና ዙሪያ፤ ልጆች የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፤ ዕቃው እዚያ ይዋል።

በወለጋ ሌላም ምክንያት ይጨመራል። ተማሪዎቹ እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብን በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ 9ኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በአንድ ክረምት ውስጥ የለመዱት ቃል ሁሉ ይቀየራል፤ በቋንቋው የተሰናከለው ተማሪ በሒሳቡ የደከመ ይመስላል። የ9ኛ ክፍል መምህር በመስከረም መጀመሪያ ሳምንት የምስማሩን ጣውላና ሲባጎውን ይዞ ቢገባ፣ ተማሪው የሚያውቀውን ነገር እያየ አዲሱን ቃል ይማራል። ዕቃ የትናንሽ ልጆች ብቻ ነው የሚለው አመለካከት ብዙ ጎበዞችን በዚህ መሸጋገሪያ ላይ አስቀርቷል።

በየትምህርት ቤቱ ፔዳጎጂካል ማዕከል የሚባል ክፍል አለ። በብዙ ቦታ በካርቶንና በሸክላ የተሠሩ መርጃ መሣሪያዎች ለሱፐርቪዥን ቀን ይደረደራሉ፤ ከዚያ በር ይዘጋባቸዋል። መለኪያው መለወጥ አለበት። ማዕከሉ ስንት ዕቃ አለው ከማለት ይልቅ፣ በዚህ ወር የትኛው ዕቃ ለየትኛው ርዕስ ወደ ክፍል ወጣ፣ ተማሪዎቹስ በደብተራቸው ምን ጻፉ ተብሎ ይጠየቅ።

እንግዲህ ጥያቄው ለሁላችሁም ነው። የጉድኝት ማዕከላት በወር አንድ ከሰዓት በኋላ መምህራን አንድን ጨዋታ ከዕቃው እስከ ደብተሩ ድረስ እርስ በርስ የሚያሳዩበት ሰዓት ይመድቡ። የነቀምቴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅና ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ዕጩ መምህራንን ሲፈትኑ ይህን መሻገሪያ በተግባር እንዲያሳዩ ይጠይቁ። ወላጆች ቆርኪና የክብሪት ቀፎ አትጣሉ፤ በልጃችሁ እጅ ለትምህርት ቤት ላኩ፤ ማታም ገበያ የዋለችውን ልጅ ሒሳቡን እንዴት እንደሠራች በቃሏ እንድትነግራችሁ፣ ቀጥሎም በደብተሯ እንድትጽፈው አድርጉ። መምህራን ደግሞ ከሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ውስጥ አንዱን፣ የከበደውን ርዕስ ምረጡና በእፍኝ የቡና ፍሬ ጀምሩት።